ውሃ ልክ የሚመሰክርለት ሽልማት

  

የምረቃ ወራት በደረሰ ቁጥር የስደተኛው ቤት በደስታ ይሞላል። ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ዘርፋም ቆብ ደፍቶ የተነሣው የልጅ ፎቶግራፍ ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ድፎው ይቈረሳል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ እናት ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ደግ ነው፣ ይገባልም። በሌሊት ፈረቃና በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የተገዛ ዲግሪ እልልታ ቢበዛበት እንጂ ቢያንስበት ነውር ነው።

ዛሬ ግን ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ሌላ ዓይነት ምሩቅና ስለ ሌላ ዓይነት ሽልማት ነው። በቧንቧ ሥራ ተለማማጅነት ብልጫ ያሳዩ ወጣቶች ስለሚሸለሙት ሽልማት። አዎን፣ በትክክል አንብባችኋል፤ የቧንቧ! አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ ከወዲሁ ይታየኛል። የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚያችው ፈገግታ ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር አቈጣጠሩ የፈረንጅ ነው።) በአሜሪካና በካናዳ የቧንቧ ሠራተኞችን የሚያቅፍ፣ በአጭሩ ዩ.ኤ. ተብሎ የሚጠራ ትልቅ የሠራተኛ ማኅበር አለ። የተመሠረተው በ1889 እዚሁ ብዙዎቻችን በምንኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ ነው። ይህ ማኅበር ለተለማማጆቹ አስተማሪዎች የክረምት ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው በ1954 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ፣ ከ1990 ወዲህ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር አጠገብ ባለው ዋሽተናው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚካሄድ ሆኗል። በየአካባቢያቸው ተወዳድረው ያሸነፉ ተለማማጆችም ለመጨረሻው ግጥሚያ የሚሰበሰቡት እዚያው ነው። ቧንቧ ገጣሚው ከቧንቧ ገጣሚ፣ በያጁ ከበያጅ፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያው ከመሰሉ ጋር ይፎካከራል።

በዓለም ደረጃ ደግሞ ወርልድ ስኪልስ የሚባለው ውድድር አለ። በ1950 ማድሪድ ላይ ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ የስፔንና የፖርቱጋል ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ተደምረው 24። በ2024 ሊዮን፣ ፈረንሳይ ላይ ሲደረግ ግን ወደ 70 ከሚጠጉ አገሮች የመጡ 1,400 ያህል ወጣቶች በ59 የሙያ ዘርፎች ተፎካክረዋል። ከ59ኙ አንዱ የቧንቧና የቤት ማሞቂያ ሥራ ነው። ለአብዛኞቹ ሙያዎች የዕድሜው ጣራ 22 ዓመት ነው። እኛ ቤት በ22 ዓመቱ ገና “ምን ሊማር ነው?” እየተባለ የሚመከርበት ልጅ፣ እዚያ የአገሩን ባንዲራ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል ማለት ነው።

ፈተናው ምንድን ነው ብትሉ፣ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ተወዳዳሪው ባዶ ግድግዳና ንድፍ ይሰጠዋል። ቧንቧውን ራሱ ለክቶ፣ ቈርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ የንጹሕ ውሃውን መስመር፣ የፍሳሹን መውጫ፣ ማሞቂያውን፣ የእጅ መታጠቢያውን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ይገጥማል። ከዚያ ዳኞቹ ይመጣሉ። በእጃቸው የያዙት የምስጋና ወረቀት ሳይሆን ሜትርና ውሃ ልክ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር መዛነፍ ነጥብ ያስቀንሳል። ቀጥሎ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይለቀቅበትና ይጠበቃል። መገጣጠሚያው ካንጠባጠበ አንጠባጠበ፤ አለቀ። “የእገሌ ልጅ እኮ ነው” ቢባል ውሃው አይሰማም። “ከኛ ወገን ነው፣ ከነዚያ ወገን ነው” ቢባልም ውሃው ድርጅት የለውም።

እስቲ ልባችሁ እውነቱን ይናገር፤ በስደት ዘመናችን ስንት የሽልማት ሥነ ሥርዓት አይተናል? “ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ” ተብሎ መስታወት የመሰለ ነገር ሲሰጥ፣ አስተዋጽኦው ምን እንደነበረ ለጎረቤታችን በሹክሹክታ የጠየቅንበት ምሽት ጥቂት ነው? ሸላሚው የዛሬ ዓመት ተሸላሚ፣ ተሸላሚው የከርሞ ሸላሚ የሚሆንበትን ሥርዓት እናውቀዋለን። ለዚህ ነው የተለማማጆቹ ሽልማት ልቤን የወሰደው። ወርልድ ስኪልስ አንድ መልካም ልማድ አለው። ከወርቁ፣ ከብሩና ከነሐሱ ሌላ 700 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ተወዳዳሪ ሁሉ የብቃት ሜዳይ ይቀበላል። አንደኛ ያልወጣ ሁሉ ወድቋል ማለት አይደለም፤ መለኪያውን ያለፈ ባለሙያ ሁሉ ባለሙያ ነው።

አሁን “ታዲያ ቧንቧ ለመግጠም ይህ ሁሉ ወግ ማዕርግ ምን ያደርጋል?” የሚል ይኖራል። መልሱ ከላቫንዲኖው ሥር አለ። ጐንበስ ብላችሁ እዩት። ቧንቧው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይታጠፋል። በእጥፋቱ ውስጥ ዘወትር ጥቂት ውሃ ይቀመጣል፤ ያቺ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ክፉ አየር እንደ በር ዘግታ ትይዛለች። ለዚህ ዓይነቱ እጥፋት በ1775 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው። ያቺ ጭብጥ የማትሞላ ውሃ ስትደርቅ ምን እንደሚሆን ዓለም በ2003 አይቷል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ገብቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ለከፈ። ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች ከደረሱባቸው ምክንያቶች አንዱ የመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ላይ ያሉት የፍሳሽ እጥፋቶች ደርቀው መገኘታቸውና በሽታው በዚያ መተላለፉ ነው።

ሌላም ልጨምር። ተለማማጆቹ ከሚወዳደሩባት ከአን አርበር ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች። በ2014 የከተማይቱ ሹማምንት ገንዘብ እንቈጥብ ብለው የውሃውን ምንጭ ወደ ፍሊንት ወንዝ አዞሩት። ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው መድኃኒት ሳይጨመርበት ቀረና ውሃው ያረጁትን ቧንቧዎች እየላሰ እርሳሱን ወደ ሕዝቡ ብርጭቆ አወረደው። ወደ 100,000 የሚሆን ሕዝብ፣ አብዛኛው ጥቁርና ድኻ፣ ልጆቹን በመርዝ ሲያጥብ ከረመ። ቢሮክራቱ እርስ በርሱ ሲካሰስ፣ በጥር 2016 ከየሚሺጋኑ ከተማ 300 ያህል የዩ.ኤ. ቧንቧ ሠራተኞች መፍቻቸውን ይዘው በአንድ ቅዳሜ ፍሊንት ገቡ። ያለ አንዳች ክፍያ ከቤት ቤት እየዞሩ ማጣሪያና አዲስ መክፈቻ ገጠሙ። “እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ” ይላል የአገራችን ሰው። በሚያሳስቀውና በሚወስደው ውሃ መካከል የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አልነገረንም።

የሥልጠናው ርዝመትም የሚናቅ አይደለም። የዩ.ኤ. ተለማማጅ አምስት ዓመት ይማራል። በየዓመቱ ከ1,700 እስከ 2,000 ሰዓት ሥራ ላይ፣ በትንሹ 216 ሰዓት ደግሞ ክፍል ውስጥ። ሒሳቡን፣ የጋዙን ጠባይ፣ የግፊቱን ሕግ፣ የከተማውን የግንባታ ደንብ ይወጣዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ዕውቀቱ ሲያድግ ደመወዙም ያድጋል። ሲጨርስ የትምህርት ቤት ዕዳ የለበትም። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳሰፈረው፣ በግንቦት 2023 የቧንቧ ሠራተኞች መካከለኛ የዓመት ገቢ 61,550 ዶላር ነበር። ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው።

ሥራው የተቀማጠለ ነው አልልም። ጉልበት ይበላል፣ ወገብ ያጐብጣል፤ በጥር ብርድ ከቤት ሥር በደረት መሳብ አለ። የማወራው ስለ ምቾት አይደለም፤ ስለ ክብር ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ለቅሶ ቤት ያየሁትን ላጫውታችሁ። አጠገቤ የተቀመጠ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁና፣ “ምን ነካህ፣ የኔ ልጅ?” አልኩት። አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደመችው።

“ኢንጂነሪንግ እየተማረ እኮ ነው!” አለች።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እናቱ ቡና ልታቀርብ ስትነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ የቧንቧ ሥራ ሦስተኛ ዓመት ተለማማጅ ነኝ። ስበይድ ነው ያቃጠለኝ። እማዬ ሰው እንዳይሰማ ትፈልጋለች” አለኝ።

“አንተስ?” አልኩት።

“እኔማ ባለፈው ሳምንት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ ፎቅ ገጥመን ስንፈትሸው ጠብታ አልወጣውም። ለማን ልንገር?”

ይህች “ለማን ልንገር?” እስከ ዛሬ በጆሮዬ ታቃጭላለች። እናቲቱን ልወቅሳት አልደፍርም። ያን ቃል ያስዋሻት የራሷ ልብ ሳይሆን የኛ ዓይን ነው። ልጇ ያሳፈራት መስሏታል እንጂ ያሳፈራት ፈገግታችን ነው። ከላይ “ፈገግ ስትሉ ይታየኛል” ያልኳት ፈገግታ።

ይህ የመጣንበት ቅርስ ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሰጠንን “ቡዳ”፣ ጋቢ ሸምኖ የሚያለብሰንን በስድብ ስም፣ ቆዳ አልፍቶ መጫሚያ የሚሰጠንን “ፋቂ” ስንል ኖረናል። አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚያጠፋ ገብቷቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡንም በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ ቈጥረውታል። ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ያስወረዱትም እሳቸው ናቸው፤ ሥራውን የመራው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት “ተግባረ እድ”፣ የእጅ ሥራ፣ የሚል የተከበረ የግዕዝ ስም ተሰጠው። አዋጁም ስሙም ክብር ነበራቸው፤ እኛ ግን በልባችን ፈራሚውን እንጂ ሠሪውን አናከብርም። ያንን ልብ ደግሞ ባሕር ተሻግረን ስንመጣ በሻንጣ ይዘነው መጣን።

“ሙያ በልብ ነው” የሚል ተረት አለን። ትሕትናን ለማስተማር ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለሙያውን የጋን ውስጥ መብራት አድርጎ ለማስቀረትም አገልግሏል። የአን አርበርና የሊዮን ሽልማት የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ሙያ በአደባባይ ነው፣ ይታይ፣ ይለካ፣ ይጨብጨብለት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ሚዛኔ ይዛነፋል። ሽልማቱ ያማረ ስለሆነ በሩ ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት ነበር ማለት አይደለም። በዚህች አገር የቧንቧ ሥራ ተለማማጅነት ለረጅም ዘመን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ የሚወርድ የነጮች ርስት ነበር። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ ተርሚናል ማርኬት በሚሠራበት ጊዜ አንድ ጥቁርና ሦስት ፖርቶ ሪካውያን ቧንቧ ሠራተኞች ቢቀጠሩ፣ የሎካል 2 ማኅበር አባላት “ከነሱ ጋር አንሠራም” ብለው ጥለው ወጡ። የአሜሪካ ሠራተኞች ማኅበራት ሁሉ የበላይ የነበረው ጆርጅ ሚኒ ራሱ ከዚያው ማኅበር የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርና ደገፋቸው። በ1969 መንግሥት የፊላደልፊያ ፕላን የተባለውን መመሪያ አወጣ። በመንግሥት ገንዘብ በሚሠሩ ግንባታዎች ላይ፣ የቧንቧ ሥራን ጨምሮ በተመረጡ ሙያዎች፣ ከጥቁሮችና ከሌሎች አናሳዎች የሚቀጠሩ ሠራተኞች ግብ እንዲቀመጥ አስገደደ። መመሪያውን ወደፊት የገፋው ጥቁሩ የሠራተኛ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትር አርተር ፍሌቸር ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ያነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሌሎች በክስና በሰልፍ፣ በደማቸውም ጭምር ያስከፈቱልን በር ላይ ቆመን “ይህ ሥራ ለኛ ልጅ አይመጥንም” ብንል ግፍ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያው በር ሌላ ወጥመድ አለ። ልጃችን ሐኪም መሆን ሲፈልግ “ለአንተ የእጅ ሥራ ይሻልሃል” የሚለው የትምህርት ቤት አማካሪ ዛሬም አለ። እሱን ተከራክረን ማስቆም አለብን። ልጅ ከሚችለውና ከሚወደው ወደ ታች መገፋቱና ልጅ የመረጠውን ሙያ እንደ ነውር መደበቁ ሁለት የተለያዩ በደሎች ናቸው። አንደኛውን ፈርቶ ሁለተኛውን መሥራት መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየበጋው እየጠራ ኳስ ያጫውተናል። በዚያ ሳምንት ሺህ ሰው አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ይዘፈናል፣ የክብር እንግዳ ይጠራል። እዚያም ሆነ በየከተማው የኮሙኒቲ አዳራሽ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በዓል ላይ አንድ ሩብ ሰዓት እንስጥ። በዚያ ዓመት ተለማማጅነታቸውን ጨርሰው ፈቃድ ያወጡ ልጆቻችን፣ የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ፣ የብየዳ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ወደ መድረክ ይውጡ። በተለይ ሴቶቹ፤ በዚህ ሙያ ገና ጥቂት ናቸውና የወጣችው አንዲት ለብዙዎች መንገድ ጠራጊ ናት።

ሽልማቱ ግን የመስታወት ጌጥ አይሁን፤ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ መለኪያው ግልጽ ይሁን። የጨረሰ፣ ፈተናውን ያለፈ፣ ፈቃዱን ያሳየ ይሸለማል፤ አባቱ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ ያስተማረው ሰውም አብሮ ይጠራ። ፈረንጅም ሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ወይም ሜክሲካዊ፣ ልጃችንን አምስት ዓመት በትዕግሥት ያሠለጠነ ሰው ከኛ መድረክ ላይ ጋቢ ይደረብለት። ለንደን ውስጥ የቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር የሙያ ደንቡን ያጸደቀው በ1365 ነው፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚገኘው አስተማሪን በማክበር ነው። ሦስተኛ፣ ስጦታው የሥራ መሣሪያ ይሁን። ጥሩ ውሃ ልክ፣ ጥሩ መፍቻ። በየቀኑ የሚያነሣው ነገር ላይ ስሙ ተቀርጾ ይሰጠው።

“ለሐኪሙና ለመሐንዲሱስ?” ትሉኝ ይሆናል። ለእነሱማ ካባውም፣ እልልታውም፣ ድፎውም አለላቸው፤ ማንም አይነካባቸውም። ግን ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት እጁን የሚታጠብበትን ውሃ ያደረሰለት ሰው አለ። መሐንዲሱ የሣለውን መስመር በጉልበቱ ተንበርክኮ ውሃ እንዲያልፍበት ያደረገ ሰው አለ። ያ ሰው የኛ ልጅ ከሆነ እናቱ “ኢንጂነሪንግ ነው” ብላ እንድትዋሽ የምናስገድዳት እስከ መቼ ነው?

ይህ አምድ የበኩሉን ይጀምራል። ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው ተለማማጅነቱን ያጠናቀቀ ቤተሰቦች፣ ባለጉዳዩ ከፈቀደ፣ ስሙንና ሙያውን ለዝግጅት ክፍሉ ይላኩልን። የዲግሪ ምሩቃን ፎቶግራፍ በሚወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ማዕርግ እናወጣዋለን። ቆብና ካባ ባይኖረው የራስ መከላከያ ቆቡን አድርጎ ይነሣ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!